ቪዛ የሰጠ ሁሉ ግብር አይምርም

ዴቪድ ቤካም ከማንቸስተር ዩናይትድ ወደ ሪያል ማድሪድ የተዛወረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ስፔን ከውጭ ለሚመጡ ሠራተኞች የተለየ የግብር ሥርዓት አወጣች። ደንቡ እንደማንኛውም የመንግሥት ደንብ ቁጥርና ደረቅ ስም ነበረው። ከመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች አንዱ ቤካም ስለነበር ግን ሕዝቡ «የቤካም ሕግ» አለው፤ ስሙም በዚያው ጸና። ዛሬ ኳስ ተጫዋቾች ራሳቸው ከሕጉ ውጭ ናቸው። በቤካም ስም የሚጠቀሙት ቫሌንሲያ ወይም ማላጋ ቤት ተከራይተው ሌላ አገር ላለ ቀጣሪ በላፕቶፕ የሚሠሩ ሰዎች ሆነዋል።

ሕጉ ለጋስ ነው፤ ቀጠሮ ላሳለፈ ግን ርኅራኄ የለውም። ተቀጣሪው በስፔን ማኅበራዊ ዋስትና ከተመዘገበ በኋላ በ6 ወር ውስጥ ቅጽ 149ን ሞልቶ ካስገባ፣ ከደመወዙ እስከ 600,000 ዩሮ ድረስ ባለው ላይ 24 በመቶ ይከፍላል። መብቱ የመጣበትን ዓመትና ቀጣዮቹን 5 ዓመታት ይሸፍናል። በዓመት 60,000 ዩሮ የሚያገኝ ሰው ግብሩ 14,400 ዩሮ ይሆናል ማለት ነው። ስድስቱ ወር ካለፈ በኋላ ቢሯሯጥ ግን ዋጋ የለውም፤ እንደማንኛውም የስፔን ነዋሪ ገቢ ባደገ ቁጥር በሚያድገው መደበኛ ግብር ውስጥ ይገባል። ቪዛውን የመታለት ቆንስላ ስለዚህ ቅጽ አንድ ቃል አይነግረውም። ሥራውም አይደለም።

ከርቀት እየሠሩ አገር የሚቀይሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። የቪዛው ቢሮ «እዚህ መኖር ይፈቀድልሃል ወይ?» የሚለውን ይመልስና ፋይሉን ይዘጋል። የግብሩ ቢሮ ደግሞ ዓመቱ ካለቀ በኋላ «የት ስትኖር ከረምክ?» ብሎ ፋይል ይከፍታል። የአንዱን ደጅ የጠና ሰው ሌላውንም የጠና ይመስለዋል።

እነዚህን ሠራተኞች ፈረንጆቹ «ዲጂታል ኖማድ» ይሏቸዋል። አጠራሩን ያስተዋወቀው ጃፓናዊው ጹጊዮ ማኪሞቶና ዴቪድ ማነርስ በ1997 በዚሁ ርእስ ያሳተሙት መጽሐፍ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና ወራትም፣ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። በአማርኛ «ዲጂታል ዘላን» ብለው የሚተረጉሙ አልጠፉም። ዘላን የሚለው ቃል ግን እኛ ዘንድ የንቀት ሽታ ስላለበት «አርብቶ አደር» በሚለው ከተተካ ቆይቷል፤ አሁን ላፕቶፕ ለያዘ ሰው መልሶ መጥራት አያስፈልግም። የርቀት ሠራተኛ ቢባል ይበቃል።

መጽሐፉ ከታተመ በኋላ ከ20 ዓመት በላይ እነዚህ ሰዎች የራሳቸው ቪዛ አልነበራቸውም። በቱሪስት ቪዛ ይገባሉ፣ ካፌ ተቀምጠው ይሠራሉ፣ ቀኑ ሲያልቅ ይወጣሉ። ነገሩን የለወጠው ኮሮና ነው። ባርቤዶስ በ2020 ሐምሌ ወር ላይ፣ ቱሪስት ጠፍቶ ሆቴሎቿ ባዶ በቀሩበት ሰዓት፣ የ12 ወር ፈቃድ ይዛ ብቅ አለች። በዓመት 50,000 ዶላር ገቢ እንዳለው ያረጋገጠና 2,000 ዶላር የከፈለ ሰው መጥቶ መሥራት ይችላል፤ ለባርቤዶስም የገቢ ግብር አይከፍልም። ኢስቶኒያ በዚያው ዓመት ነሐሴ 1 ቀን የራሷን ቪዛ ጀመረች። ክሮኤሺያ፣ ፖርቱጋል፣ ስፔን፣ ታይላንድ፣ ጃፓን ተከተሉ። ኬንያም በ2024 ተመሳሳይ ፈቃድ አስተዋውቃለች። ዛሬ ዝርዝሩ ረጅም ነው።

ዝርዝሩ ይርዘም እንጂ በሩ ለሁሉም እኩል አልተከፈተም። ጃፓን በ2024 ያወጣችው የ6 ወር ፈቃድ በዓመት 10 ሚሊዮን የን ገቢ ይጠይቃል፤ ከገቢው በፊት ግን የሚታየው ፓስፖርቱ ነው። ፈቃዱ የተወሰነው ጃፓን ያለ ቪዛ ለምትቀበላቸውና የግብር ስምምነት ላላት አገሮች ዜጎች ስለሆነ፣ ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት የያዘ ሰው ገቢው 20 ሚሊዮን የን ቢሆንም አይገባበትም። ስለ «ምርጥ አሥር አገሮች» የሚያወሩ ጽሑፎች ይህችን ነገር ብዙ ጊዜ ይዘሏታል። የሚጻፉት ለሌላ ፓስፖርት ነውና።

ለኢትዮጵያዊ ፓስፖርት በር ካልዘጉት አንዷ ፖርቱጋል ናት። ከ2022 ጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ የምትሰጠው ዲ8 የተባለው ቪዛ የሚጠይቀው ወርሃዊ ገቢ የአገሪቱን ዝቅተኛ ደመወዝ አራት እጥፍ ነው። ዝቅተኛው ደመወዝ በ2025 870 ዩሮ ስለነበር ዝቅተኛው የገቢ መስፈርት 3,480 ዩሮ ላይ ደረሰ። በየዓመቱ አብሮ ስለሚያድግ ያለፈውን ዓመት ቁጥር ይዞ የሚያመለክት ሰው በጥቂት ዩሮ ሊወድቅ ይችላል።

አንዲት የሶፍትዌር ባለሙያ እናስብ። አዲስ አበባ ተቀምጣ ለአንድ የውጭ ኩባንያ ትሠራለች፤ በወር 3,600 ዩሮ ታገኛለች። 4,500 ዩሮ ለሚጠይቀው የኢስቶኒያ ቪዛ አትበቃም፤ በ2025 ቁጥር ለፖርቱጋሉ ትበቃለች። ፋይሏ ውስጥ የሚገቡት የሥራ ኮንትራቷ፣ ቢያንስ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ገቢ የሚታይበት የባንክ ስቴትመንት፣ ከወንጀል ነጻ መሆኗን የሚያሳይ የፖሊስ ማስረጃ፣ የጤና መድንና የምትኖርበት ቤት ውል ናቸው። ከእነዚህ ሁሉ የሚያለፋው ስቴትመንቱ ነው። የቆንስላ ሠራተኛ የሚያየው ድምሩን ብቻ ስላልሆነ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ትልቅ ገንዘብ ከማመልከቻው በፊት በድንገት ቢገባ ያጠራጥረዋል። በየወሩ ከአንድ ቀጣሪ የሚገባ፣ በኮንትራቱ ላይ ካለው አኃዝ ጋር የሚገጥም ገንዘብ ግን ለራሱ ይናገራል። ደመወዟ በጓደኛ ወይም በዘመድ አካውንት በኩል ሲመጣላት የኖረ ከሆነ፣ ከማመልከቷ ወራት በፊት በስሟ እንዲገባ ማስተካከል አለባት።

ቪዛው ተመታ እንበል። ሊዝበን ከገባች በኋላ የመኖሪያ ፈቃዷን የሚሰጣት በ2023 ጥቅምት መጨረሻ የቀድሞውን የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት የተካው አይማ ነው። አይማ ሥራ ሲጀምር በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ውዝፍ ማመልከቻዎችን ተረክቧል፤ የቀጠሮው ነገር እስካሁን የስደተኞች ዋና እሮሮ ነው።

አይማ ቢዘገይም ግብሩ አይጠብቃትም። በ12 ወር ውስጥ ከ183 ቀን በላይ ፖርቱጋል ከቆየች፣ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ እንኳ መደበኛ መኖሪያዋን እዚያ ካደረገች፣ ለግብር ጉዳይ የፖርቱጋል ነዋሪ ትሆናለች። ከዚያ ወዲያ የሚታየው ፖርቱጋል ውስጥ ያገኘችው ብቻ ሳይሆን ከየትም ዓለም ያገኘችው ገቢ ነው፤ የግብሩ ከፍተኛ እርከንም 48 በመቶ ይደርሳል። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ከ2009 ጀምሮ አዲስ መጪዎችን ለ10 ዓመት የሚያስተናግድ፣ ለብዙ ሙያዎች 20 በመቶ ብቻ የሚያስከፍል ሥርዓት ነበራት። የብዙ የርቀት ሠራተኞች የሊዝበን ፍቅር የተወለደው ከዚያ ነው። ለአዲስ መጪዎች ከ2024 ጀምሮ ተዘግቷል፤ የተካው ሥርዓት በጣም ጠባብ ነው። በዩቲዩብ ላይ ግን የድሮው ቪዲዮ አሁንም ይታያል።

ኢትዮጵያስ ትለቃታለች? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በፌዴራሉ የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት ነዋሪ የሚባለው በአንድ ዓመት ውስጥ ከ183 ቀን በላይ አገር ውስጥ የቆየ ሰው ብቻ አይደለም፤ መኖሪያው ኢትዮጵያ የሆነ ሰውም ነው። ቤቷ፣ ልጆቿና ንብረቷ አዲስ አበባ ያሉ ባለሙያ ሁለቱም አገሮች «የእኔ ነሽ» ሊሏት ይችላሉ። ደግነቱ ኢትዮጵያና ፖርቱጋል ተደራራቢ ግብርን ለማስቀረት በ2013 የተፈራረሙት ስምምነት አለ። እንዲህ ያሉ ስምምነቶች ጥያቄውን በቅደም ተከተል ይፈቱታል፦ ቋሚ ቤትሽ የት ነው? በሁለቱም አገር ከሆነ ቤተሰብሽና ኑሮሽ ይበልጥ የተሳሰረው ከየትኛው ጋር ነው? እሱም ካልለየ አብዛኛውን ጊዜ የት ትውያለሽ? በመጨረሻም ዜግነትሽ የት ነው? 183 ቀን የምትባለው ቁጥር በሰው አፍ የገነነችውን ያህል ሁሉን የምትፈታ አይደለችም።

አቋራጩ መንገድ በቱሪስት ቪዛ ገብቶ መሥራት ነው። ለኢትዮጵያዊ ፓስፖርት ይህ መንገድ ከ2024 ሚያዝያ ወዲህ ይበልጥ ጠብቧል። የአውሮፓ ኅብረት በወሩ መጨረሻ ባሳለፈው ውሳኔ የሼንገን አጭር ቪዛ ለኢትዮጵያውያን የሚታይበትን ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን አራዘመ፤ ደጋግሞ የሚያስገባውን ቪዛም አስቀረ። ውሳኔው የሚመለከተው አጭሩን ቪዛ ነው፤ እንደ ዲ8 ያለው የረጅም ጊዜ ብሔራዊ ቪዛ በየአገሩ ሕግ ይሄዳል። ሁለቱን ቀላቅሎ «አውሮፓ ዘግታለች» የሚል ወሬ የሰማ ሰው ይህን ልዩነት ቢያውቅ ይጠቀማል።

አሜሪካዊ ፓስፖርት ያላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን ለሼንገን ቪዛ አያስፈልጋቸውም፤ የእነሱ ፈተና ቀን መቁጠር ነው። ደንቡ በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ይላል። ጃንዋሪ 1 ቀን ሮም ገብቶ ማርች 31 የወጣ ሰው 90ውን ጨርሷል፤ መመለስ የሚችለው ከጁን 30 ጀምሮ ነው፤ ከዚያ በፊት ለአንድ ሌሊት እንኳ ፓሪስ ላይ ማደር አይችልም። ድሮ የደከመው ፖሊስ ማኅተም እያገላበጠ ሲቆጥር የሚያመልጥ ነበር። በኦክቶበር 12 ቀን 2025 ግን ቆጠራው ወደ ኮምፒውተር መዛወር ጀምሯል። 90ው ቀን ደግሞ መቆየትን እንጂ መሥራትን አይፈቅድም፤ ሥራውን የሚመለከተው የየአገሩ ሕግ ነው። ነገሩን በግልጽ ጽሑፍ ያስቀመጡ ጥቂቶች ናቸው። እንግሊዝ ከ2024 ጃንዋሪ መጨረሻ ወዲህ ለጉብኝት የመጣ ሰው፣ የመጣበት ዋና ምክንያት ሥራ እስካልሆነ ድረስ፣ የውጭ ሥራውን በርቀት እንዲሠራ ፈቅዳለች። ኒውዚላንድም በ2025 ጃንዋሪ ላይ ተመሳሳይ አድርጋለች፤ ሦስት ወር ለሚያልፈው ግን ግብር ሊመጣ እንደሚችል አብራ አስጠንቅቃለች።

ዱባይ ሌላ ነገር ነው። የኤምሬትስ የርቀት ሥራ ፈቃድ ለአንድ ዓመት የሚያኖር ሲሆን በወር 3,500 ዶላር ገቢ ይጠይቃል። ባለፈቃዱ በራሱ ስም ይኖራል፤ ካፊል የሚባል ስፖንሰር የለበትም። በዚያው ከተማ በሰው ቤት ተቀጥረው፣ ፈቃዳቸው በአሠሪያቸው እጅ ሆኖ ለሚኖሩት እህቶች ይህ ልዩነት ምን ማለት እንደሆነ ማብራሪያ አያሻውም። ኤምሬትስ በደመወዝ ላይ የገቢ ግብር የላትም። በኤምሬትስ ግብር አለመኖሩ ግን የመጣህበት አገር ግብር ቀረልህ ማለት አይደለም፤ ለአሜሪካ ዜጋ ደግሞ ጨርሶ አይደለም።

ዜጋዋን የትም የሚከተለው የአሜሪካ ግብር ታሪክ እስከ ሜክሲኮ ሲቲ ይሄዳል። ኩክ የተባለ አሜሪካዊ እዚያ ይኖር ነበር፤ ንብረቱም ገቢውም እዚያው ሜክሲኮ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ለ1921 ገቢው ግብር ሲጠይቀው ከፈለና «አገሪቱ ውስጥ የሌለሁ ሰው በምን ሒሳብ?» ብሎ ከሰሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1924 ፈረደበት፤ መንግሥት ዜጋውን የትም ቢሆን ስለሚጠቅም የትም ቢሆን ግብር ሊጠይቀው ይችላል አለ። ፍርዱ መቶ ዓመት አልፎትም ጸንቷል። ዜግነትን ተከትለው ውጭ በሚኖር ሰው ገቢ ላይ ግብር የሚጥሉ አገሮች ሲጠሩ ከአሜሪካ ጋር የምትነሳው ኤርትራ ናት፤ የ2 በመቶውን ነገር በዲያስፖራ የማያውቅ የለም።

ይህ ፍርድ ዛሬ ቦሌ ድረስ ይመጣል። ከዋሽንግተን ወይም ከሚኒያፖሊስ ተመልሰው፣ ወላጆቻቸው አጠገብ ሆነው፣ የአሜሪካ ሥራቸውን በላፕቶፕ የሚቀጥሉ ሰዎች አሉ። መግባቱ ቀላል ነው። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሰጠው መታወቂያ፣ ሰው «ቢጫ ካርድ» የሚለው፣ ቪዛም የሥራ ፈቃድም አያስፈልግህም ይላል። ከዚህ የተሻለ የርቀት ሠራተኛ ቪዛ በየትም አገር ማግኘት ይከብዳል፤ ያውም ኢንተርኔት ካፌ ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን የወጣ።

ካርዱ ግን ስለ ግብር ምንም አይልም። በአሜሪካ በኩል፣ በተከታታይ 12 ወር ውስጥ 330 ቀን ከአሜሪካ ውጭ የቆየ ሰው በ2025 ከሠራው እስከ 130,000 ዶላር ድረስ ከገቢ ግብር ነጻ ማድረግ ይችላል። ነጻነቱ የሚገኘው ታክስ ፋይል ሲደረግና ሲጠየቅ ብቻ ነው፤ «ገቢዬ ከ130 ሺው በታች ስለሆነ ታክስ አላሠራም» የሚል ሰው መብቱን ራሱ ይጥለዋል። ፍሪላንሰር ከሆነ ሌላ ነገር ይጠብቀዋል። በግል ለሚሠራ ሰው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር መዋጮ በዚህ ነጻነት አይሸፈንም። 60,000 ዶላር የተጣራ ገቢ ያለው ፍሪላንሰር ከዚያ ላይ 92.35 በመቶው ማለትም 55,410 ዶላር ተወስዶ በ15.3 በመቶ ሲሰላ 8,478 ዶላር ገደማ ይወጣበታል። አዲስ አበባ ተቀምጦ፣ የገቢ ግብሩ ዜሮ ሆኖም፣ ይህን ይከፍላል። ከአሜሪካ ውጭ ባሉ ባንኮች ያለው ገንዘብ ተደምሮ በዓመቱ ውስጥ ለአንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር በላይ ከሆነ ደግሞ ያን ለብቻው ማሳወቅ አለበት። ንግድ ባንክ ያለ የብር አካውንትም ወደ ዶላር ተመንዝሮ ይቆጠራል።

በኢትዮጵያ በኩል ደግሞ 183 ቀን ያለፈው ሰው ነዋሪ ነው፤ ነዋሪ ደግሞ ከየትም ዓለም ባገኘው ገቢ ግብር ይጠየቃል። አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ሲሻሻል ከደመወዝ ግብር ነጻ የሆነው ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል፤ ከ14,000 ብር በላይ ያለው 35 በመቶ ይቆረጥበታል። በዛሬው ምንዛሪ 14,000 ብር አንድ መቶ ዶላር አካባቢ ነው። በዶላር ደመወዝተኛ የሆነ ሰው ገና የወሩን የመጀመሪያ መቶ ዶላር ሲያልፍ ከፍተኛው እርከን ላይ ነው ማለት ነው። ቀጣሪው አገር ውስጥ ስለሌለ የሚቆርጥለት የለም፤ ማስታወቁ የራሱ ግዴታ ነው። በኢትዮጵያና በአሜሪካ መካከል ደግሞ እንደ ፖርቱጋሉ ያለ የገቢ ግብር ስምምነት የለም። ያለው መፍትሔ በሁለቱም አገሮች ሕግ ውስጥ የተቀመጠው ለሌላው አገር የተከፈለን ግብር የማቀናነስ መንገድ ነው፤ እሱም ደረሰኝ ይጠይቃል።

ግሪን ካርድ ብቻ ያላቸው ሰዎች ጉዳይ ከዚህም ይከፋል። ግብሩ እንደ ዜጋው ነው፤ ካርዱ ግን እንደ ዜግነት አይጸናም። ከአንድ ዓመት በላይ ከአሜሪካ የወጣ ባለግሪን ካርድ መኖሪያውን እንደተወ ሊቆጠርበት ይችላል። እስከ 2 ዓመት የሚያገለግለውን የመመለሻ ፈቃድ ማመልከት የሚችለው ደግሞ ከመውጣቱ በፊት፣ አሜሪካ ውስጥ እያለ ነው። ታክስ ሲያሠራ «ነዋሪ አይደለሁም» ብሎ የሞላ እንደሆነ ያን ወረቀት ኢሚግሬሽኑ ካርዱን እንደተወ ማስረጃ አድርጎ ሊያነሳበት ይችላል። ሁለቱ ደጆች አይተዋወቁም ተብሎ ነበር፤ ሰውየውን ለሚጎዳ ጉዳይ ግን ይተዋወቃሉ።

ከሁሉም በፊት ሊነገረው የሚገባው ቀጣሪው ነው። ብዙዎች «ዙም ላይ ግድግዳው አይታይም» ብለው ሳይናገሩ አገር ይቀይራሉ። ኩባንያው የሚፈራው ግን የሠራተኛውን ሰነፍነት አይደለም። ሠራተኛው በአንድ አገር ተቀምጦ ውል የሚዋዋል ወይም ሥራ የሚመራ ከሆነ፣ ያ አገር ኩባንያውን ራሱን «እዚህ ቅርንጫፍ አለህ፤ የትርፍ ግብር ክፈል» ሊለው ይችላል። የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮም አለ። አንዳንድ ኩባንያዎች ፈጽሞ የሚከለክሉት፣ ሌሎቹ በዓመት ለጥቂት ሳምንታት ብቻ የሚፈቅዱት በዚህ ምክንያት ነው። የስፔኑን ቪዛ የመሰሉት ደግሞ ከቀጣሪው የተጻፈ ፈቃድ ስለሚጠይቁ ምስጢሩ ቆንስላው ደጅ ላይ ያበቃል።

ሊሄዱ ወይም ሊመለሱ ያሰቡ አንባቢዎች ዛሬውኑ ሊያደርጉት የሚችሉት አንድ ነገር አለ። በገቡና በወጡ ቁጥር ፓስፖርቱ ላይ ማኅተም ከተመታ ፎቶ አንስተው ከአውሮፕላን ትኬቱ ጋር ያስቀምጡ። ቦሌም ይሁን ሊዝበን፣ ግብር ሰብሳቢው ከ183 ወዲህና ወዲያ ብሎ ሲከራከር መልስ የሚሆነው ያ ቀን ነው።